‹‹አልታመምኩም፤ ምን አይታችሁብኝ ነው?›› — ለድብርት መከላከያ ጥናት ስለሚጠየቁ ሰዎች

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ ሁለት ወረዳዎች፣ ሐሳብና ጭንቀት የበዛባቸው ነገር ግን ገና የድብርት ሕመም ያልያዛቸው ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ሰዎች ላይ አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው፣ በተቀዳ ድምፅ የሚሰጥ የቡድን ሥልጠና ሊሞከር ነው። ግማሹ ጎጥ በዕጣ ሥልጠናውን ያገኛል፤ ግማሹ አያገኝም። በቅድመ ዝግጅቱ ከጠየቅናቸው ገሚሶቹ ‹‹አልታመምኩም›› ብለው ተቆጡ። ሌሎቹ ተናግረን ሳንጨርስ እሺ ብለው ፈረሙ፤ በቀጠሮው ቀን ግን አልመጡም። ሰዉ ይህን ነገር እንዴት ነው የሚያየው? ዕጣውን እንዴት እናስረዳ? ስንትስ እንክፈል? (የመረጃ ሰብሳቢዎች አስተባባሪ)

ምላሽ፦ ከተቆጡት ይልቅ ሳትጨርሱ እሺ ያሏችሁ ሰዎች ሊያሳስቧችሁ ይገባል። የተቆጣው ሰው ጥያቄያችሁን ሰምቶ አልፈልግም ብሏል፤ መብቱን ተጠቅሟል። ተቻኩሎ የፈረመው ግን ወይ ሌላ ነገር ሰምቷል፣ ወይ እንግዳ ማሳፈር ከብዶት ነው። በወሎ ገጠር የፈቃድ ጉዳይ በብዛት የሚበላሸው በዚህ በኩል ነው። እምቢ ባዩን ብቻ የሚቆጥር ቡድን መንገድ ከጀመረ በኋላ ሰዉ ሲበተንበት ይደነግጣል።

መጀመሪያ ግን ቁጣውን እንየው። ለሕክምና ጥናት የሚጠየቅ ሰው መታመሙን ያውቃል፤ መፍትሔ ፍለጋ በእግሩ ጤና ጣቢያ የመጣ ነው። የሚያሳስበው ‹‹ይሻለኝ ይሆን?›› የሚለው ነው። እናንተ የምትሄዱት ደህና ነኝ ብላ ደጃፏ ላይ እህል የምታበጥር ሴት ዘንድ ነው። ቦርሳ ያነገቱ ሁለት ሰዎች የጎረቤቷን ቤት አልፈው እሷ ግቢ ገብተው ስለ ጭንቀት እናነጋግርዎት ሲሏት፣ ቀድሞ የሚመጣባት ‹‹ምን አይተውብኝ ነው? ማን ነግሯቸው ነው?›› የሚለው ነው። ይህ ሳይመለስላት ስለ ጥናቱ ጥቅም የምትናገሩት ሁሉ ጆሮዋ አይገባም።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ስም መውጣት አለ። የአእምሮ ጤና ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ጨርቁን የጣለውን ነው፤ በሐሳብ እንቅልፍ ያጣው ከዚያ ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ መግባት አይፈልግም። ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱም ወገን ዘር ይጣራል፤ ‹‹በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለ›› ከተባለ ለእህቶቿም ይተርፋል። ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ስሌት አላቸው። ዓረብ አገር ለመሄድ ያሰበ ልጅ ስሙ እናንተ ዘንድ ከሰፈረ የጉዞ ጤና ምርመራው ላይ የሚወጣበት ይመስለዋል። የጥናቱ መዝገብ ከዚያ ምርመራ ጋር እንደማይገናኝ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ አፍሮ አይጠይቅምና።

ሟርትም አለ። ይህ በሕክምና ጥናት ላይ እምብዛም የማይገጥም ስለሆነ ብዙ አጥኚዎች አያዘጋጁበትም። ለጤነኛ ሰው ‹‹ወደፊት ድብርት ሊይዝሽ ይችላል›› ማለት በብዙ ቤት ክፉ እንደ መመኘት ነው። ‹‹ኧረ አታሟርቱብኝ›› ያለችውን፣ ‹‹አላህ ይጠብቀኝ›› ብላ ፊቷን ያዞረችውን፣ ‹‹በስመአብ›› ብላ ያማተበችውን ከማስታወሻችሁ ፈልጓቸው፤ ‹‹አልታመምኩም›› ብለው ተቆጡ ካላችኋቸው መካከል ታገኟቸዋላችሁ። መድኃኒቱ አደጋውን ከሴትየዋ ላይ አንስቶ ከሁኔታው ላይ ማሳረፍ ነው። ‹‹ጦርነትና መፈናቀል ባለፈበት፣ ኑሮ በተወደደበት አገር በሰው ላይ ሐሳብ ይበዛል፤ ከበዛም አንዳንዱን ይጥለዋል›› ማለት እውነት ነው፤ ማንንም አይነካም።

ከእምነት ጋር የሚያያዘውም ቀላል አይደለም። ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል ሰው በጭንቀት አይወድቅም የሚል አስተሳሰብ ስላለ፣ እሺ ማለት የእምነት ጉድለትን ማመን ይመስላል። ሥልጠናው ውስጥ ተረጋግቶ ትንፋሽን መከታተል ካለበት ደግሞ ‹‹ይኼ የማን ሃይማኖት ነው?›› ይባላል። ዱዓውም፣ ወዳጃውም (የጋራ ጸሎቱም)፣ ጠበሉም፣ ጸሎቱም እንደሚቀጥል፣ ሥልጠናው እንደማይተካቸውና እንደማይከለክላቸው ቀድማችሁ ተናገሩ። ከመጀመራችሁ በፊት የድምፅ ትምህርቱን ለመስጊዱ ኢማምም ለደብሩ አስተዳዳሪም አሰሟቸው። ፈቃድ ለመለመን አይደለም፤ ሰው ሲጠይቃቸው ‹‹ሰምቼዋለሁ›› እንዲሉ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤት የሚኖርበት ብዙ ስለሆነ ለአንዱ ብቻ ማሰማት ከሁለቱም ያጣላል።

‹‹ለምን እኔን?›› ለሚለው ቀጥተኛ መልስ ይኑራችሁ፤ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል ይያዙት። ለምሳሌ እንዲህ፦

‹‹ማንም ስለ እርስዎ የነገረን የለም። የጎጡን ቤት ቆጥረን በየአምስተኛው ቤት ነው የገባነው። ከመለሱልን ጥያቄዎች ሐሳብ እንደበዛብዎት እናያለን፤ ሕመም ግን አላየንም። እንደ እርስዎ ሐሳብ ከበዛባቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ቆይቶ ይብስባቸዋል፤ ብዙዎቹን ግን በራሱ ይተዋቸዋል። ለየትኛው ምን እንደሚሆን እኛም አናውቅም።››

ይህን ለመናገር ፈቃዱን በሁለት መክፈል ግድ ነው። መጀመሪያ ለማጣሪያው ጥያቄ ብቻ ትጠይቃላችሁ፤ ለምሳሌ ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚመለከቱት የዓለም ጤና ድርጅት ሃያ የ‹አዎ/አይደለም› ጥያቄዎች። ከዚያ የሠለጠነ ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ሕመም አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ለሙከራው በሌላ ቀን ሌላ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ሁለቱን በአንድ ፊርማ ማጠቃለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሰዉ ግን ለየትኛው እሺ እንዳለ አያውቅም፤ እናንተም አታውቁም።

ጥቅሙን አታግንኑት። ‹‹እንደ ክትባት ነው›› የሚል ማብራሪያ በየቦታው ይሰማል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ በኋላ ድብርት ለያዘው ሰው ይህ ቃል ክህደት ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የ32 ሙከራዎች ድምር ትንተና የሥነ ልቦና መከላከያ ሥልጠናዎች አዲስ በድብርት መያዝን በ21 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። በዚያው ትንተና መሠረት አንድ ሰው እንዳይያዝ ለማድረግ 20 ሰው ማሠልጠን ያስፈልጋል። ‹‹ሃያ ሰው ቢሠለጥን አንዱን ከሕመም ያተርፈው ይሆናል፤ ሌሎቹንም ሊያቀልላቸው ይችላል›› ብትሉ ማንም አይከፋም። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ መደበቅ አያስፈልግም፤ ገበሬ ከተዘራው ሁሉ እንደማይበቅል ያውቃል።

አሁን ወደ ፈጣኑ እሺ። ወሎ ውስጥ ስም መመዝገብ የራሱ ታሪክ አለው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በተፈናቃይ ድጋፍ፣ ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው የስንዴና የዘይት፣ ወይም የብር ቀዳሚ ነበር። ያልተመዘገበ ይቀራል። ስለዚህ ቅጹን ያየ ሰው ማብራሪያችሁን አይሰማም፤ ‹‹መዝግቡኝ›› ይላል። የቤተሰብ ብዛት ስትጠይቁት ደግሞ ተስፋው ይጸናል። ጉዳቱ ሰዉ በኋላ በመቅረቱ አያበቃም። የባሰበት የሚጠቀም ስለሚመስለው በመጀመሪያው ልኬት ጭንቀቱን አጉልቶ ይናገራል፤ እርዳታ እንደሌለ ሲያውቅ በሁለተኛው ልኬት ወደ እውነተኛው ይመለሳል። ነጥቡ ይወርዳል፤ ሥልጠናውን ያገኘውም ያላገኘውም የተሻለው ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለው እውነተኛ ልዩነት ይዋጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ ‹‹እርዳታ ይዘን አልመጣንም፤ ይህ መዝገብ ከሴፍቲኔትም ከሌላ ድጋፍም ጋር አይገናኝም፤ እሺ ቢሉን የሚጨመርልዎት፣ እምቢ ቢሉን የሚቀነስብዎት የለም።›› የቤተሰብ ብዛት፣ የከብትና የመሬት ጥያቄ ወደ መጨረሻ ይሂድ። እህል በሚታደልበት ሳምንት ወደዚያ ቀበሌ አትግቡ። የረድኤት ድርጅት ምልክት ባለው መኪናም አትሂዱ፤ ሰብሳቢው አፉን ሳይከፍት መኪናው ተናግሮ ይጨርሳል።

ለሌላው ሰው ያው መዝገብ ያስፈራዋል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት አካባቢ፣ ስምና ቀበሌ ከ‹‹ምን ደረሰብህ?›› ጋር የሰፈረበት ወረቀት ማን እጅ ይገባል የሚለው የቅዠት ጉዳይ አይደለም። ‹‹መረጃው በምስጢር ይያዛል›› ማለት እዚህ ላይ ባዶ ቃል ነው፤ አሳዩት። ስሙ ያለበትን ወረቀትና ኮድ ብቻ ያለበትን መጠይቅ ለየብቻ ዘርጉለት፤ ሁለቱ በተለያየ ሳጥን እንደሚቆለፉ፣ የስሙን ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ የስም ዝርዝሩ መቼ እንደሚጠፋ ንገሩት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ፕሮቶኮላችሁ ይህን መጥቀስ አለበት። የጣት አሻራም ለብዙ ሰው የመሬትና የብድር ነገር ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ከቡድናችሁ ያልሆነ፣ እሱ ራሱ የመረጠው ምስክር ያስፈልጋል፤ በድምፅ ፈቃድ መቀበል ከታሰበ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴው መጽደቅ አለበት። የጭንቀት ሆርሞን ለመለካት ፀጉር ወይም ደም ለመውሰድ የሚያስብ ካለ በብርቱ ይመርምረው። ፀጉር የመተት ዕቃ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ደም ይሸጣል ተብሎ ይወራል። ለዋናው ጥያቄ የግድ ካልሆነ ይቅር፤ ለአንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ተብሎ ጎጡን ሙሉ ማጣት አያዋጣም።

ማን ይጠይቅ? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትታመናለች፤ ችግሩም እሱ ነው። ልጇን የምታስከትብላትን፣ ለወሊድ አምቡላንስ የምትጠራላትን ሴት ማን እምቢ ይላል? እሷ ታስተዋውቃችሁ፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ ማን እሺ ማን እምቢ እንዳለም አይነገራት። የቀበሌ አመራር ግቢ ውስጥ አብሮ ቆሞ የተገኘ እሺ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በቅሬ (በእድር) ስብሰባ ላይ ስለ ጥናቱ በጥቅሉ መናገር መልካም ነው፤ እዚያው ‹‹ማን ይገባል?›› ብሎ እጅ ማስወጣት ግን ነውር ነው። አማትና ጎረቤት ቡና ላይ በተቀመጡበትም አትጠይቁ። ስትጠጡ ቆይታችሁ፣ ‹‹ለብቻዎ የምናነጋግርዎት መቼ ይመችዎታል?›› ብላችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ውጡ።

እምቢታ ደግሞ በቀጥታ አይመጣም። ‹‹ባለቤቴን ላማክረው››፣ ‹‹ኢንሻ አላህ››፣ ‹‹እግዜር ከፈቀደ››፣ ‹‹ከሰብል በኋላ ኑ››፤ እነዚህ ምክክርም ሊሆኑ ይችላሉ፣ በትሕትና የተባለ አይሆንምም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ያዘገየ ሰው እምቢ ብሏል ብላችሁ መዝግቡት፤ ሦስተኛ አትሂዱ። ይህን ደንብ ያላወጣ ቡድን አራቴ ተመላልሶ በአምስተኛው በይሉኝታ የተያዘ ፊርማ ይዞ ይመለሳል፤ ያ ሰው በመጀመሪያው ሥልጠና ቀን ይጠፋል። ሰብሳቢዎቻችሁን ባስፈረሙት ሰው ቁጥር አትመዝኗቸው፤ አትክፈሏቸውም። እምቢ ማለትን ቀላል አድርጉት፦ ‹‹ብዙ ሰው አልፈልግም ብሎናል፤ ቅር አይለንም›› የሚል አንድ ቃል ለይሉኝታ ሰው በር ይከፍታል።

የፈቃድ ቅጹ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ስድስት ሰባት ገጽ ቅጽ ሲነበብ ሰው ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ላሙን ነው የሚያስበው። ክፍል በክፍል አንብቡ፤ በስልክ ድምፅ ተቀድቶ ቢሰማ ይሻላል፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደርበት። ተመልሳችሁ ስትመጡ ከማስፈረማችሁ በፊት ‹‹በደንብ ነግረንዎት እንደሆነ እንድናውቅ፣ ለጎረቤት እንደሚያስረዱ አድርገው ይንገሩን›› በሏት። ፈተናው የእናንተ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ይሰማት። አራት ነገር ከአፏ መውጣት አለበት፦ ይህ እርዳታ አለመሆኑ፣ ሥልጠናው ሊደርሳትም ላይደርሳትም እንደሚችልና ያንን ዕጣ እንደሚወስነው፣ በፈለገችበት ቀን ብትተው ማንም እንደማይጠይቃት፣ ምስጢሯ በየትኛው ጊዜ ብቻ እንደሚነገር። ‹‹ሐኪሞቹ ለእኔ የሚሻለውን ይመርጡልኛል›› ካለች ዕጣው አልገባትም፤ በፈቃደኞች ዘንድ በብዙ አገር የሚታይ ስሕተት ነው፤ የተማረውም ይሳሳተዋል። እንደገና አስረዱ፤ ሁለቴ አስረድታችሁ ካልገባት አታስፈርሟት።

ገብቷቸው እሺ የሚሉትስ ለምን ይገባሉ? ‹‹ለሌላው ይድረስ›› የሚለው ከልብ ነው፤ እስላሙ አጅሩን፣ ክርስቲያኑ ጽድቁን ያስባል። ግን ይህ በጎነት ብቻውን አይቆምም፤ ከራስ ላይ የማይጎዳ፣ ቢቻል ትንሽ የሚጠቅም ሲሆን ነው የሚጸናው። ወጣቶቹ ሰርተፊኬቱን ይፈልጋሉ፤ ሥራ እንደማያስቀጥር ቀድማችሁ ንገሯቸው። አጥኚዎች የሚያቃልሉት ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ፣ ሳይመክር፣ ሳይፈርድ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት። ስለ ሟች ወንድሟ በቤት ውስጥ መናገር የተከለከለች ያህል የሆነባት ሴት ቃለ መጠይቁን ራሱ እንደ እፎይታ ታየዋለች። ይህ ደስ ይላል፤ ዋጋም አለው፤ ሥልጠናውን ያላገኘው ጎጥም በመጠየቁ ብቻ ሊሻለው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን እኩል ጊዜ፣ በእኩል ብዛት ይጠየቅ።

ወደ ዕጣው። ብዙ ሰብሳቢ ዕጣውን በእቁብ ያስረዳል፤ ሰዉም ወዲያው ራሱን ይነቀንቃል፤ የገባው ግን ሌላ ነው። በእቁብ ዛሬ ያልወጣለት ሌላ ቀን ይወጣለታል፤ ሁሉም በየተራው ይደርሰዋል። በጥናታችሁ ሁለተኛው ወገን ጨርሶ ካልደረሰው ከስድስት ወር በኋላ ‹‹የእኛ ተራ መቼ ነው?›› ብሎ ይመጣል፤ የለም ሲባል እንደ ተበላ እቁብ ይቆጥረዋል። እቁብን ማንሳት የሚቻለው ሁለተኛው ወገን የመጨረሻው ልኬት እንዳለቀ ሥልጠናውን በእርግጥ የሚያገኝ፣ በጀቱም ዛሬ የተያዘ ከሆነ ብቻ ነው። በበኩሌ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፦ ሁለተኛው ወገን ከሠለጠነ በኋላ ሁለቱን ማወዳደር ያከትማል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰውም ‹‹ሲመጣ ይሻለኛል›› ብሎ በራሱ ሊያደርግ የሚችለውን ያቆያል።

‹‹ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ለሁላችንም አትሰጡም?›› ይባላል፤ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው፣ እንደ እናንተው አምስት ክፍለ ጊዜ ባለውና በድምፅ በሚሰጥ ሥልጠና በቱርክ በሚኖሩ 642 የሶርያ ስደተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው ከሠለጠኑት 22 በመቶ ገደማ፣ ካልሠለጠኑት 41 በመቶ ገደማ ነበሩ። በምዕራብ አውሮፓ በ459 ስደተኞች ላይ ያው ሥልጠና ሲሞከር ግን በስድስተኛው ወር ልዩነት አልታየም። አንዱ ቦታ ሠራ፣ ሌላው ቦታ አልጸናም፤ ለአምባሰል ወይም ለተሁለደሬ ሰው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ዕጣው የሚያስፈልገው ስለማይታወቅ ነው፤ ይህን እንዲሁ ንገሯቸው።

ዕጣው በአደባባይ ይውጣ። ሰው ሁሉ ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያው ልኬት ካለቀ በኋላ ብቻ፤ ጎጡ ዕጣውን አስቀድሞ ካወቀ የደረሰው ጎጥ እየተሻማ ይገባል፣ ያልደረሰው ይቀራል፣ ማወዳደሪያው ይበላሻል። የደጋውን ጎጥ ከደጋው፣ የቆላውን ከቆላው ለይታችሁ፣ ከየጎጡ ሁለት ሰው ባለበት፣ እኩል የታጠፉ ወረቀቶች በአንድ ዕቃ ውስጥ ይግቡና ከጥናቱ ጋር የማይገናኝ ሰው ያውጣ። ውጤቱ እዚያው ተጽፎ ይፈረምበት። በኮምፒውተር ማውጣቱ በሳይንስ በኩል እኩል ነው፤ ‹‹በዘመድ ሠሩት›› የሚለውን ሐሜት ግን አያቆመውም። ሰዎችን በተናጠል ሳይሆን ጎጥን በሙሉ ማስገባታችሁ ትክክል ነው፤ ዛሬ የተማረችውን ነገ ቡና ላይ ለጎረቤቷ ታካፍላለችና።

ሕዝቡ በዳኝነት የሚያየው ሌላም ነገር አለ፤ በማጣሪያው ሕመም የተገኘባት ሴት ከጥናቱ ትወጣለች። ‹‹የባሰባትን ትታችሁ የተሻላትን ያዛችሁ›› ይባላል፤ ካልተዘጋጃችሁበት እውነት ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት የምትልኩበት ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ እንዳለው፣ የድብርት መድኃኒት (ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን) መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ለከበደው ደግሞ ወደ ደሴ የሚወስድ መጓጓዣ በጀት ያዙ። የማስተላለፊያ ወረቀት ሰጥቶ መሄድ እርዳታ አይባልም። የዘጠኙ ጥያቄዎች የድብርት መለኪያ መጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ በጥቂቱም ቢሆን ይመጣብኛል ያለ ሰው በዚያው ዕለት ባለሙያ ሳያየው ብቻውን አይተው። ሰብሳቢው የሚደውልለት ሰው ስልክ ይያዝ፤ ቤት ውስጥ የተባይ ማጥፊያ መኖሩን ይጠይቅ፤ ካለ ከቤተሰብ አንድ ሰው እንዲያርቀው ይደረግ። ይህ ምስጢር የሚነገርበት ጊዜ ስለሆነ በፈቃዱ ቀን አስቀድሞ መነገር አለበት፤ በኋላ ሲሆን እንደ ማጋለጥ ይቆጠራል፤ ወሬውም ጎጡን ይዘጋባችኋል።

የሚቀሩትን በሚመለከት፣ አንዱ ምክንያት ፈቃዱ ላይ ነው ብያለሁ፤ ሌላው ቀን መቁጠሪያ ነው። በልግ በሚታረስበት ደጋ ከየካቲት ጀምሮ፣ በመኸር አገር ኅዳርና ታኅሣሥ ወጣት አታገኙም። ዓርብ ከጁምዓ ጋር፣ እሑድ ከቅዳሴ ጋር፣ የገበያ ቀንም ከገበያ ጋር አትጋፉ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በተገጣጠሙባቸው ዓመታት የመጀመሪያውን ልኬት በጾም፣ የመጨረሻውን በፍስክ ማድረግ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጥያቄዎችን ያዛባል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወቅት ይሁኑ። ሥልጠናው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አይሁን፤ ስብሰባ ይመስላል። ጤና ኬላ ወይም የገበሬዎች ማሠልጠኛ ይሻላል፤ ለሴቶቹ የሚያጠቡትን ሕፃን የሚይዝ ሰው አዘጋጁ። ወጣቱ በስድስት ወር ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ስለሚችል ሦስት የመገኛ ቁጥር ያዙ። ብዙ ሴት የምትጠቀመው የባሏን ስልክ ነው፤ ሲደወል ምን እንደሚባል እሷ ራሷ ትምረጥ። ስለ ጥናቱ የጽሑፍ መልእክት ጨርሶ አትላኩ።

ሒሳቡንም ልብ በሉ። በተናጠል ዕጣ 200 ሰው የሚበቃ ቢሆን፣ ከየጎጡ 20 ሰው ስትወስዱና በአንድ ጎጥ ሰዎች መካከል ያለው መመሳሰል 0.05 ሲሆን፣ ቁጥሩ በ1.95 (1 + 19 × 0.05) ተባዝቶ 390 ይሆናል። ከመቶ ሃያው ይቀራል ካላችሁ 390ን ለ0.8 አካፍላችሁ 488 ሰው መመዝገብ አለባችሁ። በይሉኝታ የፈረመ ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ከወጣ፣ ከመጀመሪያው እምቢ ካለው የበለጠ ያስከፍላችኋል።

ክፍያው ለጊዜና ለመጓጓዣ ነው እንጂ ለመልስ አይደለም። መነሻ አድርጋችሁ የምትይዙት የዚያን ወረዳ የቀን ሥራ ዋጋ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚወስድ ቃለ መጠይቅ የግማሽ ቀን ዋጋ ያህል፣ ከደርሶ መልስ መጓጓዣ ጋር። ዕጣ ለደረሰውም ላልደረሰውም በቃለ መጠይቅ እኩል ይከፈል። ለማጠቃለያው ቀን አታከማቹት፤ በየጊዜው ስጡ፤ በመካከል ያቆመ ሰው እስከዚያ ያለው ይገባዋል። የመጨረሻው ላይ ከፍ ያለ ገንዘብ ካስቀመጣችሁ መውጣት የሚፈልገውን ሰው ታስራላችሁ። በዓይነት መስጠት ከመረጣችሁ ሳሙና፣ ስኳር ወይም ቡና ይሁን፤ ዱቄትና ዘይት አይሁን፤ ከእርዳታ ጋር ይቀላቀላል። በየቤቱ ለብቻ ስጡ፤ ተሰልፎ ፊርማ ላይ የሚከፈል ብር ማን በጥናቱ ውስጥ እንዳለ ለጎጡ ሁሉ ይናገራል። መጠኑ ከኮሚቴው ሳይጸድቅም ለማንም አትናገሩ፤ ዛሬ ከአፍ የወጣ ቁጥር ነገ ገበያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ አይቻልም።